የዳለቻ ሕመም

በግቢያችን ሥራ ፈት እንስሳ አልነበረም። ይህን ያወቅሁት ፊደል ከመቁጠሬ በፊት ነው። ከሮቤ ወጣ ብሎ፣ በጎባ መንገድ ዳር በነበረው ቤታችን፣ አፍ ያለው ሁሉ ለምን እንደሚበላ ይታወቅ ነበር። በሬዎቹ ጉራችና ቦራ የገብሱን ማሳ ያርሳሉ። ላሞቹ ይታለባሉ፤ እበታቸውም ደርቆ ኩበት ይሆንና ከሳነቴ ተራራ የሚወርደውን ብርድ ይመክትልናል። አህዮቹ ከአባቴ ጋር ገብስ ጭነው ጎባ ይወጣሉ። በጉ ለዓመት በዓል ነው፣ ዶሮዋ ለድንገተኛ እንግዳ። ድመቷ የጎተራ ዘበኛ ናት፣ ውሻው የበረት። እናቴ ወይዘሮ ውዴ ይህን ሁሉ የምታስተዳድረው ድምጿን ከፍ ሳታደርግ ነበር። ልታልብ ስትጠጋ ላሟ ራሷ እግሯን ገለል ታደርግላታለች፤ እኔም ላሞቹ ልክ እንደኔ የሚፈሯት ይመስለኝ ነበር።

ያልገባኝ የዳለቻ ሥራ ብቻ ነው።

ዳለቻ በቅሏችን ናት። ፀጉሯ አመድማ፣ ጆሮዋ ረጅም፣ እርምጃዋ ደግሞ ውኃ የሞላ ማሰሮ ጀርባዋ ላይ ቢቀመጥ የማያፈስ። አታርስም፣ አትታለብም፣ አትወልድም። ገብስ እንኳ አትጭንም። ታዲያ የድርቆሹን ለስላሳ ለስላሳውን የምትበላው እሷ ነበረች።

“አባባ፣ ዳለቻ ምንድን ነው የምትሠራው?” ብዬ አባቴን ጠየቅሁት።

አባቴ ኃይለመስቀል የኮርቻ ጠፍር እየጠገነ ነበር። ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ፣ “ታስከብራለች” አለኝ።

እውነትም እናቴ ለክርስትና ወይም ለለቅሶ ዳለቻ ላይ ተቀምጣ ስትወጣ መንገደኛው ሁሉ ዳር ይይዝና ይሰግድላታል። ስለዚህ ማስከበር እንደ ማረስ ያለ፣ የሚያደክም ሥራ መሆን አለበት ብዬ ተቀበልኩት።

ዳለቻ ግማሿ የጎረቤት ነበረች። አባቷ የእኛ አህያ ነው፤ እናቷ ግን ከአጥሩ ወዲያ የሚኖሩት የኦቦ ኡመር ባዝራ ናት። ኦቦ ኡመር የፈረስ ጥርስ አይተው ዕድሜውን የሚናገሩ፣ የታመመ ከብት ያለው ሰው ሁሉ ከየመንደሩ የሚፈልጋቸው ሽማግሌ ነበሩ። አባቴ፣ “በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች” እያለ ሲተርብ፣ “እውነቷን ነው፤ የእናንተን አህያ አባቴ ብሎ ማን ይጠራል?” ብለው ያስቁን ነበር። ሚስታቸው አዴ ጁሀራ የእናቴ የልብ ወዳጅ ናት። ሁለቱ ሲጫወቱ በአማርኛ የጀመሩትን በኦሮምኛ ይጨርሱታል፤ በተለይ እኔ አጠገባቸው ካለሁ።

ነገሩ የሆነው ቆላው በታወከበት፣ ወታደርና ነጭ ለባሽ በመንገዱ በበዛበት ዘመን ነው። በቆላ ያሉትን ሰዎች የእኛ ቤት “ሽፍታ” ይላቸዋል፤ የኦቦ ኡመር ቤት ሌላ ስም ነበረው። ሁለቱም ቤቶች ያንን ስም አንዱ በሌላው ፊት አንሥተው አያውቁም። እንደዚያ ነበር ጉርብትናው።

በዚያ ሰሞን የኦቦ ኡመር ባዝራ ጠፋች። ጠዋት አጥሩ ላይ ብንጠለጠል በረቱ ባዶ ነው። አዴ ጁሀራ አንገቷን ደፍታለች።

“ባዝራዋ የት ሄደች?” አልኳት እናቴን።

“አጋሰስ ወሰዳት” አለችኝ በአጭሩ።

አጋሰስ ማለት የጭነት ከብት ማለት እንደሆነ፣ ወታደሮቹ ስንቅና ጥይት ወደ ቆላ ለማውረድ የሰው ፈረስና በቅሎ እየሰበሰቡ እንደሆነ ዛሬ አውቃለሁ። ያኔ ግን አጋሰስ የበሽታ ስም ነበር የመሰለኝ። ጉንፋን፣ ኩፍኝ፣ አጋሰስ። ፈረስ የሚገድል፣ ከመንደር ወደ መንደር የሚዛመት በሽታ። ትልልቆቹም ስለ አጋሰስ የሚያወሩት እንደ በሽታ ነበር። “ዲንሾ ደርሷል” ይላሉ። “ከጎሮ አንድ እንኳ አልቀረም” ይላሉ። “መቼም እኛን አያልፈንም” ይላሉ። እኔም በየጠዋቱ ሮጬ ዳለቻ አለመታመሟን አያለሁ።

በዚያው ሰሞን የኦቦ ኡመር ልጅ ረቢያ ልትወልድ ከባሏ ቤት መጣች። ፊቷ ጠይም፣ ሳቋ ቶሎ የሚመጣ ወጣት ነበረች፤ ያኔ ግን አትስቅም። የመጀመሪያ ልጇ በምጥ ላይ ሞቶ እሷም ለጥቂት ነው የተረፈችው። “ጎባ ያሉት ሐኪሞች፣ ሁለተኛ ቤት ውስጥ እንዳትወልጂ ብለዋታል” ስትል አዴ ጁሀራን ሰማኋት። እኔም ረቢያ እንደ ላም ሜዳ ላይ ልትወልድ ነው ብዬ፣ ከግቢያችን ጀርባ ሣሩ ለስለስ ያለ ቦታ መርጬ ጠበቅኋት። ቦታውን ሳሳያት ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

አንድ ቀን እናቴና አዴ ጁሀራ ጓዳ ውስጥ ገብተው በኦሮምኛ ይንሾካሾካሉ። እኔ ከግድግዳው ወዲህ ነኝ፤ ሙቀጫው ደጅ እየተወቀጠ ብዙውን ቃል ይውጠዋል። አንዱ ግን አመለጠ።

“ጋንጌን ዱቴ…” አለች አዴ ጁሀራ።

ጋንጌ በቅሎ መሆኗን አውቃለሁ። ዱቴ ሞተች ማለት እንደሆነም አውቃለሁ። በሩጫ ወደ በረት ሄድኩ። ዳለቻ ቆማ ድርቆሽ ታኝካለች። እስትንፋሷን በእጄ ዳሰስኩት፤ ይሞቃል። አልሞተችም፤ እንግዲያው ልትሞት ነው አልኩ። ሙቀጫው የዋጠው የመጨረሻው ቃል “ጄዲ” ነበር። “በይ” ማለት ነው። በቅሎዋ ሞተች በይ። ያንን ቃል ያገኘሁት አድጌ እናቴን ስጠይቃት ነው።

በማግስቱ ዳለቻ በሽተኛ ሆና አደረች። ያ የሚያምር ፀጉሯ በየቦታው ተመልጦ፣ የተመለጠው ቦታ ላይ ጥቁርና ቢጫ ነገር አዝሏል። ሽታው ከበረቱ በር ይመልሳል። ጠጋ ስል አባቴ ትከሻዬን ያዘኝ።

“እከክ ነው። እንዳትነኪያት፣ ይጋባል” አለኝ።

“አጋሰስ ነው?”

አባቴ የበረቱን በር ገርበብ አደረገ። “እሱ እንዳይዛት ነው የምንፈራው” አለኝ።

ከሰዓት በኋላ በበረቱ አጥር ቀዳዳ ስመለከት ኦቦ ኡመር ዳለቻ እግር ሥር ተንበርክከዋል። ከጭራዋ ረጅም ፀጉር መዝዘው፣ “ቢስሚላህ” ብለው፣ ከሰኮናዋ በላይ ጠበቅ አድርገው አሰሩት። ፀጉሩ ፀጉር ውስጥ ገባና ጠፋ። ከዚያ ወዲያ ዳለቻ ስትራመድ አነከሰች። ያቺ ማሰሮ የማታፈስ በቅሎ እንደ ቆሎ ሻጭ አሮጊት አዘነበለች።  ሮጬ ለአባቴ ነገርኩት።

“አባባ! ኦቦ ኡመር ዳለቻ ላይ እየደገሙባት ነው! በዓይኔ አየሁ!”

አባቴ ፊቱን አዞረና ሳል ያዘው። ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳለ። ብርድ መትቶት ነው ብዬ ይበልጥ አዘንኩ። ሲዞር ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

“ኦቦ ኡመር ዳለቻን በገዛ እጃቸው ከእናቷ ማሕፀን የሳቡ ሰው ናቸው” አለኝ። “ምንም አያደርጓትም። ይህን ያየሽውን ግን ለሰው ብታወሪ ምላስሽን እቆርጠዋለሁ።”

ሰው ሁሉ ተስፋ የቆረጠ ስለመሰለኝ ነገሩን በራሴ ያዝኩት። የገዛ ራሴ የሆነች ገብስማ ዶሮ ነበረችኝ። ዳለቻን ካዳንክልኝ ገብስማዋን እሰጥሃለሁ ብዬ ለቅዱስ ገብርኤል ተሳልኩ። ስለቱን ለማንም አልተናገርኩም።

ሰዎቹ የመጡት አንድ ጠዋት፣ ጭጋጉ ከማሳው ላይ ሳይነሣ ነው። ጥቂት ነጭ ለባሾች ናቸው፤ ከፊታቸው ወፍራም ካፖርት የለበሰ፣ ሪዙን የከረከመ አስር አለቃ አለ። ተሰማ ይባላል። ከኋላቸው የተሳሰሩ ፈረሶችና በቅሎዎች አንገታቸውን ደፍተው ቆመዋል።

“አጋሰስ ልንሰበስብ ነው የመጣነው፣ እመቤት” አለ አስር አለቃው። “እዚህ ቤት ጥሩ በቅሎ አለች ይባላል።”

“ነበረች” አለች እናቴ። “ታማብኛለች። ይግቡና ይዩዋት።”

እኔ ግን ቃሉን ሰምቻለሁ። አጋሰስ የሚሰበስቡት እነዚህ ናቸው! በሽታውን ከየቤቱ የሚለቅሙት! ቀድሜያቸው በረት ገባሁና እናቴ “እንዳትነኪያት!” እያለች የዳለቻን አንገት አቀፍኩ። ሽታው ጉሮሮዬ ውስጥ ገባ፤ ቅባቱ ቀሚሴን አጨማለቀው።

“አትንኳት!” ብዬ ጮኽኩ። “አጋሰስ ይዟታል! ልትሞት ነው! እባካችሁ እዚሁ ትሙት!”

አስር አለቃው በሩ ላይ ቆመ። መሐረቡን አውጥቶ አፍንጫውን ሸፈነ። የተመለጠውን ጀርባዋን አየ፤ በቀጭን በትር ገፋ ሲያደርጋት ዳለቻ አንድ እርምጃ አነከሰች። እኔ ለቅሶዬ ብሶ ትንፋሽ አጥሮኛል።

“ስምሽ ማነው?” አለኝ።

“ሠር… ሠርከአዲስ።”

“እንግዲያው አታልቅሺ፣ ሠርከአዲስ። አንወስዳትም።” ወደ ሰዎቹ ዞረ። “ይቺን ከእነዚያ ጋር ብንቀላቅል ቆላ ሳንደርስ ሁሉንም ታስጨርሳለች። እንሂድ።”

ከመሄዳቸው በፊት አንዱ ነጭ ለባሽ ለዓመት በዓል ያሰብነውን በግ ጎትቶ ወሰደ። እናቴ ወደ በጉ ዞራም አላየች። እኔን ከዳለቻ አንገት ላይ አላቀቀችና አቅፋኝ ረጅም ጊዜ ቆየች። ቀሚሴን ስላበላሸሁ ልትገርፈኝ ነው ብዬ ስጠብቅ ግንባሬን ሳመችኝ።

ብዙ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ እኔም ልጆች ወልጄ፣ ለምን እንዳልነገሩኝ ጠየቅኋት። ሞራውንና ጥቀርሻውን የለወሰችው እሷ ነበረች፤ ፀጉሩን የላጨው አባቴ። እናቴ የነጠላዋን ጫፍ እያስተካከለች፣ “ልጅ መዋሸት አያውቅበትም፤ ማልቀስ ግን ያውቅበታል” አለችኝ። በዚያ ግቢ ሁሉም የየራሱ ሥራ ነበረው ብያለሁ። የእኔ ሥራ ያ ነበር፤ አሳምሬ ሠርቼዋለሁ።

ሳምንትም ሳይቆይ ማለዳ ላይ ረቢያን ምጥ ያዛት። ዝናቡ ሌሊቱን ሲወርድ አድሯል፤ ከሮቤ የሚነሣው መኪና ጭቃ ውስጥ ተተክሎ ከቀረ ሰንብቷል። ከአጥሩ ወዲያ ድምፅ ስሰማ ወጣሁ። ኦቦ ኡመር ዳለቻን ወደ ደጅ አውጥተው በሞቀ ውኃ ያጥቧታል። ጥቁሩ፣ ቢጫው፣ ሽታው፣ ሁሉ ከጀርባዋ ላይ እየተንከባለለ ወረደ። ጎንበስ ብለው በምላጭ እግሯ ላይ የሆነ ነገር ቆረጡ። ዳለቻ እግሯን አነሣች፣ መሬቱን ረገጠች፣ ተራመደች። አላነከሰችም።

 ዶሮዬን በዓይኔ ፈለግኋት።

“ገብርኤል ሰማኝ!” አልኩ። ማንም ሊሰማኝ ጊዜ አልነበረውም።

አባቴ ኮርቻውን አጥብቆ ጫነ፤ ረቢያን ደግፈው አወጧት። አባቴ ቤቱንና ከብቱን ሊጠብቅ ቀረ። ኦቦ ኡመር ልጓሙን ያዙ፣ አዴ ጁሀራ በግራ፣ እናቴ በቀኝ ሆኑ። እናቴ የክት ቀሚሷን ለብሳ፣ ሁልጊዜ አንገትጌዋ ውስጥ የሚውለውን ማተቧን ወደ ውጭ አውጥታዋለች። ለበዓል ነው መሰለኝ። ለኬላ እንደነበር የገባኝ ቆይቶ ነው፤ የክርስቲያን ሚስት አብራ ከሄደች ኦቦ ኡመርን “ማነህ፣ ከየት ነህ” የሚላቸው አይበዛም። እኔ ከዳለቻ አልለይም ብዬ ስላስቸገርኩ እየከለከሉኝ ተከተልኩ።

“ሱታ፣ ሱታ” ይላሉ ኦቦ ኡመር ለበቅሎዋ። ቀስ፣ ቀስ። ዳለቻ በጭቃው ላይ እግሯን እየመረጠች ታስቀምጣለች። ምጡ ሲመጣ ራሷ ትቆማለች፤ ሲያልፍ ራሷ ትቀጥላለች። ማንም አላዘዛትም። አዴ ጁሀራ፣ “ጃባዱ፣ ልጄ፣ ጃባዱ” ትላለች። በርቺ፣ በርቺ። ረቢያ የኮርቻውን ቆልማማ ጫፍ በሁለት እጇ ጨብጣ ከንፈሯን ትነክሳለች።

ግማሽ መንገድ አልፈን ዳገቱ ላይ ስንወጣ ሰዎች መንገዱን ዘግተው ቆመዋል። ካፖርቱን ከሩቅ አወቅሁት። አስር አለቃ ተሰማ ነው።

እርምጃችን ዘገመ። እናቴ፣ “እመብርሃን” አለች በሹክሹክታ።

አስር አለቃው ዳለቻን አየ። ከዚያ እኔን አየኝ።

“አንቺ ሠርከአዲስ አይደለሽም?”

“አዎ፣ ጌታዬ።”

“ይቺስ ያቺ ልትሞት የነበረችው በቅሎ አይደለችም?”

እናቴ ማተቧን ጨበጠች። የኦቦ ኡመር እጅ ልጓሙ ላይ ሲጠብቅ አየሁ። ለምን ዝም እንዳሉ አልገባኝም፤ እንዲህ ያለ ተአምር እንዴት ይደበቃል?

“ናት!” አልኩ በኩራት። “አጋሰሱ ለቀቃት! ቅዱስ ገብርኤል ነው ያዳናት። ዶሮ ተስዬ ነበር።”

“ቅዱስ ገብርኤል” አለ አስር አለቃው።

“በአንድ ጠዋት!” አልኩት።

አስር አለቃው ወደ ዳለቻ ቀረበ። በተመለጠው ጀርባዋ ላይ ጣቱን አሳለፈ፤ ጣቱን ወደ አፍንጫው አስጠጋ። ከኋላው ያሉት ነጭ ለባሾች ይጠብቁታል። በዚያ ቅጽበት ምጡ መጣ። ረቢያ ወደ ፊት ተደፍታ፣ “ያ ረቢ!” ብላ ጮኸች። አስር አለቃው ዓይኑ ከጣቱ ወደ እሷ፣ ከእሷ ወደ ኦቦ ኡመር ሄደ። ኦቦ ኡመር ዓይናቸውን አልሰበሩም፤ አልለመኑትምም።

ባርኔጣውን አወለቀ።

“እንግዲህ ገብርኤል የፈወሳትን በቅሎ እኔ ጥይት ባስጭናት፣ ነገ በየትኛው አፌ እለምነዋለሁ?” አለ ጮክ ብሎ፣ ሰዎቹ ሁሉ እንዲሰሙት። ወዲያው ዞረ። “መንገድ ልቀቁ! አንተ፣ ፊት ፊት ሂድ። ከተማው መግቢያ ላይ ያሉት እንዳያስቆሟቸው። አስር አለቃ ተሰማ ያውቃል በላቸው።”

በጥልቁ ጭቃ ላይ የዳለቻን ልጓም በአንዱ በኩል ራሱ ይዞ አሻገራት። ስናልፍ እናቴን፣ “ልጅሽ ጥሩ ምስክር ናት” አላት። እኔ ስለ ገብርኤል የመሰከርኩለት መስሎኝ ደረቴን ነፋሁ። ያ ሰው የሞራና የጥቀርሻ ሽታ እንደማንኛውም የገበሬ ልጅ ያውቅ ነበር። በሰዎቹ ፊት በማዕርጉ ተወራርዶ ነው ያሳለፈን። መጨረሻው ምን እንደሆነ አላወቅንም፤ ከዚያ ወዲያ አላየነውም።

ጎባ ሐኪም ቤት ስንደርስ ረቢያን ወደ ውስጥ አስገቧት። እኔ ደጅ ዳለቻን ይዤ ቀረሁ። ፀሐይ ብቅ ብላ፣ ርጥቡ ኮርቻ መትነን ጀምሮ ሳለ አዴ ጁሀራ እያለቀሰች ወጣች፤ እናቴም ተከትላት እያለቀሰች። ትልቅ ሰው ሲያለቅስ ያየሁት ለቅሶ ቤት ብቻ ነው። ሞተች አልኩ። የዳለቻ ጎን ላይ ፊቴን ደብቄ ልጮኽ ስል ኦቦ ኡመር ሁለት መዳፋቸውን ወደ ላይ ከፍተው፣ “አልሐምዱሊላህ! ወንድ ነው! እሷም ደኅና ናት!” አሉኝ። ከዚያ ቁጭ ብለው ራሴን ሳሙኝ፤ ጢማቸው ርጥብ ነበር።

ልጁን ጅብሪል አሉት። ገብርኤል በእነሱ ጅብሪል መሆኑን ያኔ ነው የሰማሁት። ዛሬ ጎሮ ውስጥ የታወቀ የእህል ነጋዴ ነው፤ ባገኘኝ ቁጥር ዶሮ ይጋብዘኛል። የእኔን ገብስማ ደግሞ እናቴ ከንፈሯ ላይ ፈገግታ እንኳ ሳይታይ፣ በገብርኤል ዕለት አብራኝ ሄዳ ለቤተ ክርስቲያን አስገብታልኛለች።

ረቢያ ስትጠነክር ልጇን ታቅፋ በዳለቻ ተመለሰች። ቤት የደረስነው ከብቱ ወደ በረት ሲገባ ነው። እናቴ የክት ቀሚሷን እንኳ ሳትቀይር ማለቢያውን አንሥታ ላሟ ሥር ተቀመጠች። እኔ አጠገቧ ቆምኩ። መጀመሪያ የወረደው ወተት ከማለቢያው ውጭ ፈሰሰ። ሁለተኛውም። አየሁ፤ ያቺ በዓይኗ ብቻ ላም የምታዘው እናቴ እጇ ይንቀጠቀጣል።

“እማዬ፣ በረደሽ?”

“መንገዱ ነው ልጄ። ደክሞኝ ነው” አለች።

አዴ ጁሀራ ከአጥሩ በኩል መጣች። የፈሰሰውን ወተት አየች፤ የእናቴን እጅ አየች። ጭቃው ላይ ቁጭ ብላ የእናቴን ሁለት እጅ በሁለት እጇ ያዘች።  ከዚያ እናቴ፣ “በሞራ እኮ ነው፣ ጁሀራ! በሞራና በጥቀርሻ!” አለችና በሳቅ ፈነዳች። አዴ ጁሀራም ሳቀች። እየሳቁ እንባቸው ወረደ፤ እየተወዛወዙ ትከሻ ለትከሻ ተደጋገፉ። ላሟ ዞራ ተመለከተቻቸው። ምን እንዳሳቃቸው አላወቅሁም፤ የፈሰሰው ወተት መሰለኝ። ግን እናቴ እንዲያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም ነበርና፣ መካከላቸው ገብቼ እኔም እስኪደክመኝ ሳቅሁ።